ወርድፕሬስ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ አልነሳ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ፋይሎቹን አውርዳችሁ፣ ዚፑን ፈትታችሁ፣ ሰርቨሩ ላይ አስቀምጣችኋል። ብሮውዘር ከፍታችሁ አድራሻውን ስትጽፉ ግን የመጫኛው ገጽ የለም። አንድ የስህተት መልእክት ወይም ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደናገጥና ያገኘውን ትዕዛዝ ሁሉ መሞከር ይጀምራል። አምስተኛው ሙከራ ላይ ሲደርስ በመጀመሪያው ችግር ላይ ራሱ ያመጣቸው ሌሎች ተደርበዋል።

ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ መልእክቱን የላከው ማን ነው? ወርድፕሬስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ብቻውን አይሠራም። ከፊት ገጾችን ለብሮውዘር የሚያቀርበው ዌብ ሰርቨሩ አለ፤ አፓቼ ወይም ኤንጂንኤክስ። ከሱ ኋላ የወርድፕሬስን ኮድ የሚያስኬደው ፒኤችፒ፣ ከፒኤችፒ ኋላ ደግሞ ዳታቤዙ፤ ማሪያዲቢ ወይም ማይኤስኪውኤል። የስህተት ቁጥሮቹ 403 (መግባት ተከልክሏል) እና 502 (ከኋላው ያለው ፕሮግራም በትክክል አልመለሰም) አብዛኛውን ጊዜ ከዌብ ሰርቨሩ የሚመጡ ናቸው። 500 (የሰርቨሩ ውስጣዊ ስህተት) ወይም ነጭ ገጽ ሲሆን ፒኤችፒ መሃል ላይ መውደቁን ጠርጥሩ።

ከዚያ ሎጉን፣ ማለትም ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ክፈቱ። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ የአፓቼ ሎግ /ቫር/ሎግ/አፓቼ2 ውስጥ ነው፤ በሬድሃት ቤተሰብ ደግሞ የመጨረሻው ፎልደር «ኤችቲቲፒዲ» ይባላል። የስህተት ሎጉን «ቴል» በሚለው ትዕዛዝ ከ«ኤፍ» ምርጫው ጋር ክፈቱትና ተዉት። በሌላ መስኮት ብሮውዘሩን ሪፍሬሽ አድርጉ። ወዲያው አዲስ መስመር ብቅ ይላል፤ ብዙ ጊዜ የፋይሉ ስም፣ የመስመር ቁጥሩና ምክንያቱ አብረው አሉበት። ብሮውዘሩ ላይ የማይታየው እዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ምልክት፦ «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም»

ይህ መልእክት ሲመጣ ዌብ ሰርቨሩና ፒኤችፒው ደህና ናቸው። ገጹን ያወጣው ወርድፕሬስ ራሱ ነውና እስከዚያ ድረስ መንገዱ ተከፍቷል።

መጀመሪያ ዳታቤዙ እየሠራ መሆኑን እዩ። ቆሞ ካገኛችሁት አስነስታችሁ ብቻ አትለፉ። 1 ጊጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ሜሞሪ ያለው ሰርቨር ላይ ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ (የሊኑክስ ዋናው ክፍል) ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ ይገድላል፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳታቤዙ ነው። የከርነል ሎጉ ላይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል ካለ ስዋፕ ፋይል (ዲስክ ላይ ሆኖ እንደ ሜሞሪ የሚያገለግል) ጨምሩ፣ በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን የፒኤችፒ ፕሮሰሶች ቁጥርም ቀንሱ። አለበለዚያ ነገም ይወድቃል።

ዳታቤዙ እየሠራ ከሆነ የወርድፕሬስ ኮንፊግ (ማዋቀሪያ) ፋይሉ ላይ ያለውን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ኮፒ አድርጋችሁ፣ ከተርሚናል በዚያው ወደ ዳታቤዙ ለመግባት ሞክሩ። ዳታቤዙ እምቢ ካላችሁ ችግሩ ከወርድፕሬስ ጋር አይገናኝም። እኔ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ፓስወርዱ መጨረሻ ላይ አብራ የተገለበጠች አንዲት ባዶ ቦታ ነበረች። ከገባችሁ ደግሞ ተጠቃሚው ፈቃድ የተሰጠው በትክክለኛው ዳታቤዝ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ሌላም አለ፦ የዳታቤዙ አድራሻ «ሎካልሆስት» ሲባል ሊኑክስ ላይ ግንኙነቱ የሚሄደው በሶኬት ፋይል (ሁለት ፕሮግራሞች የሚገናኙበት ልዩ ፋይል) ነው። ፒኤችፒ ሶኬቱን የሚፈልገው ሌላ ቦታ ከሆነ አያገኘውም። በምትኩ 127.0.0.1 ጽፋችሁ ሞክሩ።

ምልክት፦ ገጹ ሳይሆን ኮዱ ራሱ ይታያል

ወይም ፋይሉ ይወርዳል። ፒኤችፒ ተጭኗል፣ ከዌብ ሰርቨሩ ጋር ግን አልተገናኘም። አፓቼ ላይ የፒኤችፒ ሞጁሉን ጫኑ፤ ኤንጂንኤክስ ላይ የፒኤችፒ ፋይሎችን ወደ ኤፍፒኤም (ፒኤችፒን ለብቻው የሚያስኬደው ፕሮግራም) የሚያስተላልፈውን ክፍል ጻፉ። እስኪስተካከል ድረስ ሰርቨሩን ዝጉት። ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ያለው ፓስወርድም ለማንም ሊታይ ስለሚችል ቀይሩት።

ምልክት፦ 403፣ መግባት ተከልክሏል

እዚህ ጋ ለፋይሎቹ 777 የሚለውን ፐርሚሽን (የመጠቀም ፈቃድ) ስጡ የሚል ምክር ይመጣል። እባካችሁ አትስጡ። 777 ማለት ሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ ፋይላችሁን መጻፍ ይችላል ማለት ነው፤ ችግሩን አይፈታም፣ በሩን ይከፍታል። ለፎልደር 755፣ ለፋይል 644 ይበቃል። ባለቤቱ ኡቡንቱ ላይ «ደብሊውደብሊውደብሊው-ዳታ»፣ ሬድሃት ላይ «አፓቼ» የሚባለው ተጠቃሚ ይሁን። ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) ስትጭኑ ወርድፕሬስ የኤፍቲፒ (የፋይል ማስተላለፊያ) ፓስወርድ ከጠየቃችሁም መንስኤው ይኸው የባለቤትነት ጉዳይ ነው።

ይህ ሁሉ ትክክል ሆኖ አሁንም 403 ከሆነ ከላይ ያሉትን ፎልደሮች እዩ። ዌብ ሰርቨሩ ፋይሉ ጋ ለመድረስ በመንገዱ ባለው በእያንዳንዱ ፎልደር ማለፍ አለበት። ከኡቡንቱ 21.04 ጀምሮ አዲስ የሚፈጠር የተጠቃሚ ሆም ፎልደር 750 ስለሆነ፣ ሳይቱን እዚያ ያስቀመጠ ሰው በሩ ላይ ይቆማል። «ኔምአይ» የሚለው ትዕዛዝ ከ«ኤል» ምርጫው ጋር መንገዱን ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ የት ጋ እንደተዘጋ በአንድ እይታ ታውቃላችሁ።

ሬድሃት፣ ሮኪ ወይም አልማ ላይ ከሆናችሁ ኤስኢሊኑክስን፣ ማለትም ከፐርሚሽኑ በላይ በፋይሉ መለያ የሚፈትሸውን የጥበቃ ሥርዓት፣ አትርሱ። ፋይሉን ከሆም ፎልደር «ኤምቪ» በሚለው ትዕዛዝ ካዛወራችሁት የድሮውን መለያ ይዞ ይመጣል፤ ፐርሚሽኑ ትክክል ሆኖ እንኳ ይከለከላል። «ሪስቶርኮን» መለያውን ያስተካክለዋል። ኤስኢሊኑክስን ማጥፋት አያስፈልግም።

ምልክት፦ የመጀመሪያው ገጽ ይከፈታል፣ ሌላው ሁሉ 404 (ገጹ አልተገኘም)

አፓቼ ላይ አድራሻዎችን የሚቀይረው የሪራይት ሞጁል አልበራም፣ ወይም «አላውኦቨርራይድ» የሚለው «ነን» ላይ ስለሆነ ኤችቲአክሰስ ፋይሉ (የፎልደሩ የአፓቼ መመሪያ) አይነበብም። ወደ «ኦል» ቀይሩና አፓቼን ሪስታርት አድርጉ። ኤንጂንኤክስ ይህን ፋይል ጭራሽ አያነብም፤ «ትራይ ፋይልስ» የሚለውን መስመር ኮንፊጉ ውስጥ ጨምሩ።

ምልክት፦ ኤንጂንኤክስ ላይ 502

ትናንት ይሠራ ከነበረ ፒኤችፒ አፕግሬድ ተደርጎ እንደሆነ እዩ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ኤንጂንኤክስ ከኤፍፒኤም ጋር የሚገናኝበት የሶኬቱ ስም የቨርዥን ቁጥር አለው። ከ8.1 ወደ 8.3 ስትሄዱ ኤንጂንኤክስ የድሮውን ሲፈልግ ይቀራል።

ምልክት፦ ፎቶ አልጫን ይላል

የፒኤችፒ መነሻ ገደብ ለአንድ ፋይል 2 ሜጋባይት፣ በአንድ ጊዜ ለሚላከው ጠቅላላ ዳታ (ፖስት) 8 ሜጋባይት ነው። ኤንጂንኤክስ ደግሞ መነሻ ገደቡ ካልተቀየረ ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነውን በ413 (የተላከው በጣም ትልቅ ነው) ይመልሳል። ሁሉንም ከፍ አድርጉ። ፒኤችፒ ለተርሚናልና ለዌብ የተለያየ የኮንፊግ ፋይል አለው፤ የተርሚናሉን ቀይራችሁ ለውጥ ብትጠብቁ አይመጣም። የዌቡን ቀይሩ፣ ከዚያ ኤፍፒኤምን ወይም አፓቼን ሪስታርት አድርጉ።