ስለ ፍራንክ ካሜኒ ጸጥ ያለች ሾርት ዶክመንተሪ ለመስራት ለምታስቡ

ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ሆናችሁ ካሜራ ለምትሞክሩ ነው ይሄ። ካሜኒ ማነው ለምትሉ፣ በ1956 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከሀርቫርድ ዶክትሬቱን የያዘ የስነ ፈለክ ሰው ነው፣ በ1957 ጌይ ነህ ተብሎ ከአሜሪካ ጦር ካርታ መስሪያ ቤት ተባረረ፣ ያኔ የተባረረ አብዛኛው ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሄደው፣ እሱ ግን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፣ አናይልህም ሲሉት ደግሞ እዛው ዲሲ ለጌይ ሰዎች መብት የሚታገል ማህበር አቋቋመ።

መጀመሪያ ብርሃኑን አስቡ። የመመረቂያ ጥናቱ ብርሃናቸው በሚጨምርና በሚቀንስ ኮከቦች ላይ ነበር፣ ከነሱ ውስጥ አርቪ ታውሪ የሚባሉት አንዴ በጣም ይደበዝዛሉ፣ ቀጥሎ ትንሽ ብቻ፣ ከዛ እንደገና በጣም። ፊልሙን በዚህ ሪትም ስሩት። አውቶ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው ብርሃኑን በራሱ የሚያስተካክልበትን) አጥፉና የድሮ ማንዋል ሌንስ ፈልጉ፣ ብርሃን የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ቀለበት በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ ኤዲት ላይ የሚጨመር ፌድ እኮ ያስታውቃል፣ የእጅ መንቀጥቀጡ ነው ደስ የሚለው።

ከዛ ዋይት ሀውስ። ሚያዝያ 1965 ካሜኒና የማህበሩ ሰዎች እዛ በር ላይ ሰልፍ ሲወጡ ወንዶቹ ሱፍና ከረባት፣ ሴቶቹ ቀሚስ እንዲለብሱ አድርጎ ነበር፣ ስራ ቅጠሩን የሚል ሰው ስራ የሚቀጠር መምሰል አለበት ባይ ነው። የሰልፉን ፎቶ ሁሉም ሰው ስለሚጠቀመው እናንተ ተዉት፣ ፈቃዱም ብር ይጠይቃል። ካሜራውን ጫማ ቁመት ላይ አውርዱና የተወለወለ የቆዳ ጫማ ያደረገ ጓደኛችሁን አስፋልቱ ላይ አመላልሱት፣ ተረከዙ መሬት ሲነካ ያለውን ድምጽ ለብቻው በማይክ ያዙት። ፔንሲልቫኒያ አቬኑ እዛ ጋ ከ1995 ጀምሮ ለመኪና ዝግ ስለሆነ እሁድ በጠዋት ከሄዳችሁ ጥሩ ሳውንድ ታገኛላችሁ። ድሮን የሚባል ነገር እንዳታስቡ፣ ዲሲ ክልክል ነው።

የካሜኒ ደብዳቤዎችና ወረቀቶች ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ናቸው፣ የአንባቢ ካርድ በነጻ ነው፣ እስክሪብቶ አያስገቡም እርሳስ ያዙ፣ ፍላሽም የለም። ሰልፍ የወጡበት መፈክሮች ደግሞ ስሚዝሶንያን ሙዚየም ገብተዋል። ደብዳቤ ስትቀርጹ ሙሉ ገጽ አታሳዩ፣ ታይፕራይተሩ ወረቀቱን የወጋበትን አንድ ፊደል ብቻ ቅረቡት። ለሱ የጻፉለት ሰዎች ስም ካለ ከፍሬሙ አውጡት፣ ብዙዎቹ ተደብቀው ነው የኖሩት።

ተራኪ አያስፈልግም፣ ፒያኖ ደግሞ በጭራሽ። ግን ሰውየው ራሱ ዝምተኛ አልነበረም፣ ድምጹ ክፍል የሚሞላ ጯሂ ነበር፣ ስለዚህ ከድሮ ኢንተርቪው ፈቃድ ያገኛችሁበትን አንድ አረፍተ ነገር ብቻ መሀል ላይ ድምጹን ሳትቀንሱ ልቀቁት፣ ተመልካቹ ይደንግጥ። በ2009 የአሜሪካ መንግስት ስላባረረው ይቅርታ ጠይቆታል፣ እኔ ብሆን በሱ አልጨርስም፣ ታሪኩ የመንግስት ደግነት ይመስላል፣ መሀል ላይ በጽሁፍ አሳልፉት በቃ።

ክሬዲት ላይ ማንንም ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ፣ በተለይ ሀበሻ ከሆነ። ኢትዮጵያ ውስጥ ህጉ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ዛሬም ወንጀል ነው ስለሚል አገር ቤት ቤተሰብ ያለው ሰው ስሙ እንዳይወጣ ሊፈልግ ይችላል፣ ካልፈለገ ስሙን ተዉት፣ ለምን እንደሆነ አስረዳን አትበሉት።