ከጎንደር ታሪክ አንዲት ቀን ወስዶ የትምህርት ቤት ድራማ እንዴት ይሰራል?

የታሪክ ድራማ እንስራ ሲባል ተማሪው ቶሎ ትዝ የሚለው አፄ ቴዎድሮስ ነው። አይፈረድበትም፤ ቋረኛው ካሳ የቤታችን ሰው ነው። ግን መቅደላ ስንት ጊዜ ተሰራ! ከልደት እስከ ሞት በግማሽ ሰዓት ይሮጣል። መጨረሻ ላይ ሽጉጡ አልጮህ ይልና ሊለቀስበት በታሰበው ቦታ አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳል።

ስለዚህ የአንድን ንጉሥ ዕድሜ ልክ ትታችሁ አንድ ቀን ምረጡ።

ቀኑን መምረጥ

ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን አይጠፋም። አፄ በካፋ አርፈው ሕፃኑ ኢያሱ ሲነግሥ፣ እናቱ እቴጌ ምንትዋብ በ1723 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ቀን አለ። እኔ ግን እዚህ በምሳሌነት የምይዘው የ1880 ዓ.ም. ጥርን ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ በተባለ ቦታ ከሱዳን በመጣው በደርቡሽ (በመሐዲስቶች) ጦር ተሸንፈዋል። አፄ ዮሐንስ ሩቅ ናቸው። ደርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ያቃጥላል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈ። ከደብሩ የተነሳ የንብ መንጋ ወራሪውን አባረረው ይባላል።

ይህ ታሪክ ለትምህርት ቤት ይመቻል። ቦታው አንድ ነው፣ ቀኑም አንድ ነው። ቅጥር ግቢው ውስጥ ተጠልሎ የሚጠብቅ ሕዝብ እንጂ መድረክ ላይ የሚተራመስ ጦር አያስፈልግም። ለሴት ተማሪዎችም እልልታ ከማቅለጥ ያለፈ ሥራ ይኖራቸዋል።

ደብተር መክፈት

አንድ ደብተር ግዙና ገጹን በሦስት ክፈሉት፦ “የታወቀ”፣ “የሚባል”፣ “የፈጠርነው”። የሳር ውኃ ጦርነት የመጀመሪያው ውስጥ ይገባል። ንቦቹ ሁለተኛው ውስጥ ናቸው። ሕፃኗ አልቅሳ አልተኛ ያለቻት እናት፣ ፍርሃቱን በቀልድ የሚሸፍነው አዝማሪ፣ ወንድሙ ሳር ውኃ ዘምቶ ያልተመለሰለት ደብተራ ደግሞ የእናንተ ልጆች ናቸው፤ ሦስተኛው ውስጥ ጻፏቸው። መፍጠር ነውር የለበትም። ችግር የሚመጣው የፈጠራችሁትን ረስታችሁ በታሪክ ፈተና ላይ ስትጽፉት ነው።

ዓመተ ምሕረት ላይ ተጠንቀቁ። አንዱ ተማሪ ከውጭ መጽሐፍ 1888 ብሎ ይመጣል፣ ሌላው 1880 ይላል፤ ክርክሩ ይጦፋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለና አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ።

ሰው መጠየቅ

ከትምህርት ቤት ደብዳቤ አጽፋችሁ፣ ከመምህር ጋር ሆናችሁ ደብሩ ድረስ ሂዱ። ቅዳሴ ሰዓት አይሁን። ስልክ አውጥቶ ከመቅረጽ በፊት “አባቴ፣ ብንቀዳዎት ይፈቅዳሉ?” ማለት ያስፈልጋል። ሰፈር ውስጥ ያሉ እማማዎችንም አትርሱ። “በ1880 ምን ሆነ?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ ፈተና ይመስላል። “አያትዎ ስለ ደርቡሽ ምን ይሉ ነበር?” በሉ። ያኔ ወሬው ይመጣል፦ እህሉ የት እንደተቀበረ፣ ልጁ በምን እንደታዘለ። ለድራማ የሚሆነው ይሄ ነው።

መጻፍ

አራት አምስት ሰው ይጻፍ፤ ሃያ ሰው አንድ ወረቀት ላይ አይጻፍም። መጀመሪያ ማን ምን እንደሚፈልግ ተነጋገሩ። እናቲቱ ልጇን ይዛ መውጣት ትፈልጋለች። ደብተራው በሩ እንዳይከፈት ይፈልጋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ድራማው ከዚህ ይጀምራል።

ንግግሩ ላይ ብዙ ጊዜ ጉድ ይፈላል። ተማሪ ታሪክ ሲጽፍ እንዲህ ይላል፦

“ወገኖቼ ሆይ! እነሆ በ1880 ዓ.ም. በወርኃ ጥር ደርቡሽ ከተማችንን ወሯል!”

ጎረቤቱ ቤት እየተቃጠለ ዓመተ ምሕረት የሚናገር ሰው የለም። ይልቅ እንዲህ ይሁን፦

— ጭሱ ከየት ነው?
— ከወደ ግንቡ።
— እኛ ቤት በኩል?
— አትውጪ አልኩሽ!

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አፍ ላይ የሚጎረብጠውን ቃል አውጡት። ዓመቱንና የጦርነቱን ወሬ ለአዝማሪው ስጡት፤ ማሲንቆውን ይዞ መጀመሪያ ላይ በግጥም ይጨርሰዋል።

የንቡን ነገርም በአንድ ሰው አፍ አድርጉት። ትንሿ ልጅ “አየኋቸው” ትበል፣ አዝማሪው ይጠራጠር፣ ደብተራው ያማትብ። ተመልካቹ የፈለገውን ይመን።

አንድ ነገር ከልብ አስቡበት። ክፍላችሁ ውስጥ ሙስሊም ጓደኞች አሏችሁ፤ ሙስሊሞች የሚኖሩበት አዲስ ዓለምም የጎንደር ሰፈር ነው። ድራማው ስለ አንድ ወራሪ ጦር ነው፤ ስለ ጎረቤት እምነት አይደለም። “እስላም” እና “ደርቡሽ” የሚሉት ቃላት በአንድ ትርጉም የገቡበት መስመር ካለ ሰርዙት። ጽሑፉንም ሁሉም አብሮ ያንብበው።

ዕቃና ልብስ

ነጠላና ጋቢ ከየቤቱ ይመጣል። በጨርቅ ፕላስተር የባለቤቱን ስም ከውስጥ ለጥፉበት፤ አለበለዚያ ማታ ላይ የማን ጋቢ እንደጠፋ እናቶች ይጠይቋችኋል። ጋሻ ከካርቶን፣ ጦር ከሸንበቆ ይሰራል። እውነተኛ ጎራዴ ወይም ጠመንጃ ግቢ አይግባ። ታቦት አስመስሎ መሥራት በጭራሽ አይሞከርም፤ ካህኑን ነጭ ልብስና አነጋገሩ ያሳዩታል።

በዘመኑ ያልነበረውንም ከመድረክ አስወግዱ። ሦስቱ ቀለማት በአንድ ጨርቅ ላይ ሆነው ሰንደቅ ዓላማ የሆኑት በ1890 ዓ.ም. ነው። ባህር ዛፍም ገና አልመጣም፤ የተሳለ መጋረጃ ካላችሁ ዋርካ ወይም ጥድ ሳሉበት። ጀበናም ይቅር፤ በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ቡናን ትነቅፍ ነበር። ለገንዘብ ማርትሬዛና አሞሌ ጨው አለላችሁ።

ልምምድ

ተዋናዮቹን ከአንድ ፈረቃ ምረጡ። ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት የሚማር ቡድን መቼም አይገናኝም። ጥር ላይ ጥምቀት አለ፤ ጎንደር ውስጥ በጥምቀት ሰሞን ልምምድ የሚመጣ ሰው አትጠብቁ። ለወላጆች ቀን ብላችሁ ሰኔ ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፃችሁን ይውጠዋል። ሚያዝያ ደህና ነው።

ማይክራፎኑን ተዉት። አንዷን ማይክ ሲቀባበሉ የሚውሉ ተዋናዮች እጃቸው ታስሮ ነው የሚተውኑት። ሰው ሸሽቶ ሲገባ እንኳ መጀመሪያ ማይኩን ይፈልጋል! ወንበሩን አቅርቡና በሦስት ጎን አዙሩት፤ ልጆቹን ደግሞ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ላለች አያት እንዲናገሩ አለማምዷቸው።

ንቦቹን በስልክ ድምፅ አትክፈቱ። መድረክ መውጣት የሚያፍሩ ልጆች አሉ አይደል? ስምንት ያህሉን ተመልካቹ መሃል፣ ተራርቀው አስቀምጧቸው። አፋቸውን ዘግተው “እምምም” ይላሉ። መጀመሪያ ከኋላ አንዱ ብቻ፣ በጣም በቀስታ። ሰው ዞር ብሎ ያያል። ቀጥሎ ከቀኝ ሌላው። ትንፋሽ የሚወስዱት በየተራ ነው፤ አብረው ከተነፈሱ ድምፁ ይቆረጣል። መድረክ ላይ ያሉት ሁሉ ዝም ይበሉ፣ ወደ ላይ ግን አያንጋጡ፤ ይስሙ ብቻ። ሁሉም ሲገጥም አዳራሹ ራሱ ይነዝራል። ትንሿ ልጅ ቃሏን የምትናገረው እዚህ ላይ ነው። መብራት ቢጠፋም ይህ ትዕይንት አይበላሽም፤ እንዲያውም ያምራል።

ከመጋረጃ ጀርባ ጽሑፉን ይዞ የረሳውን የሚያስታውስ አንድ ልጅ ይቁም።

የዕለቱ ዕለት

የጠየቃችኋቸውን አባቶችና እናቶች ጋብዛችሁ ፊት አስቀምጧቸው። ሲያልቅ የደራሲዎቹም ስም ይጠራ፤ ሁልጊዜ የሚጨበጨበው ለተዋናይ ብቻ ነው። የጽሑፉን አንድ ቅጂ ከባለ ሦስት ክፍሉ ደብተር ጋር ለቤተ መጻሕፍቱ ስጡ፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች የትኛው የታወቀ፣ የትኛው የእናንተ ፈጠራ እንደሆነ ሳይምታታባቸው ይቀጥሉበታል።