አሮጌዋ ዴልሂ በአንድ ቀን

ሰኞ አትሂዱ፤ ቀዩ ምሽግ (ላል ኪላ) ዝግ ነው። እሑድም ቻንድኒ ቾክ በተባለው የገበያ ሰፈር ብዙው ሱቅ አይከፍትም። በጠዋት ሜትሮ ይዛችሁ ላል ኪላ ጣቢያ ውረዱ፤ የቻንድኒ ቾክ ዋና ጎዳና ቀን ላይ ለመኪና ስለሚዘጋ ታክሲ አያዋጣም። ከምሽጉ ጃማ መስጊድ በእግር ቅርብ ነው። በሶላት ሰዓት ጎብኚ አይገባም። ጫማ ስለሚወልቅ ወፍራም ካልሲ ያዙ፤ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የግቢው ድንጋይ እግር ይጠብሳል።

ምሳ ፓራንቴ ዋሊ ጋሊ በተባለው የቻንድኒ ቾክ ጠባብ መንገድ ፓራታ ብሉ፦ ድንች ወይም አተር ተሞልቶ በቅቤ የሚጠበስ ቂጣ፤ ሁለት ይበቃል። ሥጋ የለውም ብላችሁ የጾም እንዳይመስላችሁ! ጎልጋፓ (በቅመም ውሃ የሚሞላ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ትንሽ ጥብስ ቂጣ) ግን ይቅርባችሁ፤ ሆድ የሚያበላሸው በርበሬው ሳይሆን የሚሞላበት ውሃ ነው። ጃሌቢ የተባለውን ጥምዝ ጣፋጭ ከፈላ ዘይት ወጥቶ ሽሮፕ ውስጥ ሲነከር እያያችሁ ግዙ፤ የቀዘቀዘው ጥርስ ላይ ይጣበቃል።