አንቲባዮቲክ የታዘዘለትን ሕመምተኛ በቤት ውስጥ እንዴት ማስታመም ይቻላል

የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሐኪሙ የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ወይም ሰባት ቀናት መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚያቀርበው፣ ትኩሳቱን እየዳሰሰ የሚከታተለው፣ ሌሊት ተነሥቶ ውኃ የሚያቀብለው አስታማሚው ነው። «አንቲባዮቲክ ወስዶ አልሻለውም» ከሚባልባቸው ምክንያቶች መካከል የሰዓት መዛባት፣ የመጠን መሳሳትና ከጅምሩ አንቲባዮቲክ ለማይፈልግ በሽታ መውሰድ ይገኙበታል፤ ሦስቱም በአስታማሚ ጥንቃቄ ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው። ይህ ጽሑፍ መድኃኒቱ ከሚገዛበት ሰዓት አንሥቶ እስከሚያልቅበት ቀን ድረስ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ከመድኃኒት ቤቱ ከመውጣትዎ በፊት

አንቲባዮቲክ የሚያጠቃው ባክቴሪያን ብቻ ነው፤ ጉንፋንንና ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጡት ግን ቫይረሶች ስለሆኑ አሞክሳሲሊን ለእነርሱ ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ያለ ማዘዣ ወረቀት በግምት ከተገዛ እንክብል ማስታመምን አይጀምሩ፤ ጎረቤት ከተረፈው ላይ የሰጠውንም ቢሆን አይቀበሉ።

መድኃኒቱን ለሚያስረክብዎ ባለሙያ ሕመምተኛው ቀደም ሲል ፔኒሲሊን ወይም ሌላ መድኃኒት አልስማማው ብሎ እንደሆነ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት እንደሆነች፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም እንዳለበት ይንገሩት። ሕመምተኛው የሚወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶችም ይጥቀሱ፤ በተለይ ለልብ ሕመም የታዘዘ የደም ማቅጠኛ፣ ማለትም ዋርፋሪን፣ ከሜትሮኒዳዞልና ከኮትሪሞክሳዞል ጋር ሲገናኝ የደም መፍሰስ ሊያስከትል ስለሚችል ፈጽሞ ሊረሳ አይገባም። ከዚያም በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚወሰድ፣ በየስንት ሰዓቱ፣ ለስንት ቀን፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ጠይቀው በራስዎ ቃል መልሰው ይንገሩት። የተሳሳተ ነገር ካለ የሚታረመው ያን ጊዜ ነው።

የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃበት ቀን የታተመው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑንም ልብ ይበሉ። በማሸጊያው ላይ 03/2026 የሚል ጽሑፍ ያለበት መድኃኒት የሚያበቃው በእኛ በ2018 ዓ.ም. መጋቢት አካባቢ ነው። ቁጥሩን እንደ ኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ያነበበ ሰው ገና ስምንት ዓመት የሚቀረው ይመስለዋል።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ማስቀመጥ

ባለሙያው «በየ8 ሰዓቱ» ብሎ የጻፈውን «በ8 ሰዓት» ብሎ በመረዳት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከምሳ በኋላ የሚሰጥ አስታማሚ ሊኖር ይችላል። ሕመምተኛው ያን ጊዜ የሚያገኘው ከታዘዘለት ሲሶውን ብቻ ነው። በየ8 ሰዓቱ ማለት በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ሲሆን፣ ለቤት የሚመቸው አከፋፈል ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት ነው። በየ12 ሰዓቱ ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ይስጡ። በየ6 ሰዓቱ ከሆነ ደግሞ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12 እና ሌሊት 6 ሰዓት ስለሚሆን የሌሊቱን የሚቀሰቅስ ሰው አስቀድሞ መመደብ አለበት።

ሰዓቱ የሚጠበቅበት ምክንያት ቀላል ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ባክቴሪያውን ለመግታት የሚበቃ መጠን ይዞ መቆየት አለበት፤ ክፍተቱ ሲረዝም መጠኑ ይወርድና ያልሞቱት ባክቴሪያዎች እንደገና ይራባሉ፤ ከእነርሱም መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ይመረጣሉ። ፔኒሲሊንን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በዚያው አቆጣጠር በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ይህንኑ በምሳሌ አስረድቶ ነበር። ጉሮሮውን የታመመ አንድ ሰው በራሱ ፔኒሲሊን ገዝቶ ከሚበቃው በታች ይወስዳል፤ በሰውነቱ ውስጥ የቀሩትና መድኃኒቱን የተላመዱት ጀርሞች ወደ ሚስቱ ይተላለፋሉ፤ እርሷም የሳንባ ምች ይዟት ፔኒሲሊን ስትወስድ መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ትሞታለች። ምሳሌው የአንድ ቤት ታሪክ ሆኖ መቅረቡ ትክክል ይመስለኛል፤ መድኃኒት የተላመደ ጀርም አስቀድሞ የሚያገኘው አብሮ የሚኖረውን ነውና።

አንድ ደብተር ወይም ባዶ ወረቀት ወስደው ቀኑንና ሰዓቱን አስምረው በሕመምተኛው ራስጌ ይስቀሉ፤ መድኃኒቱ በተሰጠ ቁጥር የሰጠው ሰው ምልክት ያድርግ። እናት ሰጥታ ስትወጣ እኅት ሳታውቅ ደግማ እንዳትሰጥ የሚከለክለው ይህ ወረቀት ነው፤ ሕመሙ ካልተሻለም ለሐኪሙ የሚቀርበው ማስረጃ እርሱ ነው።

ጾም ሲገጥም ሕመምተኛው በራሱ ሰዓቱን ከማዛባቱ በፊት ይነጋገሩ። ኦርቶዶክሳዊው ንስሐ አባቱን ቢያማክር፣ ሙስሊሙም ሕመም ጾምን ለማስተላለፍ በቂ ምክንያት መሆኑን ቢያስታውስ ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል። መጾም የሚችል ቀላል ሕመምተኛ ከሆነ ደግሞ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል፤ በአገራችን የቀንና የሌሊቱ ርዝመት ብዙ ስለማይራራቅ ሱሁርና ኢፍጣር ለዚህ የሚመቹ ሰዓቶች ናቸው። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ማቋረጥ አያስፈልገውም፤ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

የሕፃናትን ሽሮፕ ማዘጋጀት

ለሕፃናት የሚታዘዘው አንቲባዮቲክ አብዛኛውን ጊዜ በጠርሙስ ውስጥ ያለ ደረቅ ዱቄት ነው። ዱቄቱ እንዲላቀቅ ጠርሙሱን በእጅዎ መታ መታ ያድርጉ፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ከምልክቱ ግማሽ ያህል ጨምረው በደንብ ይበጥብጡ፤ አረፋው ሲረጋ እስከ ምልክቱ ሞልተው እንደገና ይበጥብጡ። ሙቅ ውኃ መድኃኒቱን ሊያበላሸው ስለሚችል አይጠቀሙ፤ አምቦ ውኃም አይሆንም። ይህን ለማድረግ ከተቸገሩ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ እዚያው እንዲያዘጋጅልዎ ይጠይቁ፤ ሥራው ነውና ቅር አይለውም።

የተበጠበጠበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። እንደየዓይነቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ካልተጠቀሙበት ኃይሉን ያጣል፤ ክላቩላኒክ አሲድ የተቀላቀለበት አሞክሳሲሊን፣ በተለምዶ ኦግመንቲን የሚባለው፣ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ በመሆኑ ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት ሌላ ምርጫ ይኖር እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ከመስጠትዎ በፊት ሁልጊዜ ይነቅንቁት፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ ከሥር ይዘቅጥና ሕፃኑ በመጀመሪያው ቀን ውኃ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ከመጠን ያለፈ መድኃኒት ይጠጣል።

መለኪያው የቤት ማንኪያ መሆን የለበትም። የሻይ ማንኪያዎቻችን አንዱ ከአንዱ ይለያያሉ፤ ከጠርሙሱ ጋር የመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይጠቀሙ። ሕፃኑን ከፍ አድርገው ይቀፉ፤ በጉንጩ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ጨምረው እንዲውጥ ጊዜ ይስጡት። አፍንጫ ይዞ፣ አንጋሎ መጋት መድኃኒቱን ወደ ሳንባ ሊያስገባው የሚችል አደገኛ ልማድ ስለሆነ በአያት ፊትም ቢሆን በትሕትና እምቢ ይበሉ። መድኃኒቱን በሙሉ ጡጦ ወተት ውስጥ መቀላቀልም አይመከርም፤ ሕፃኑ ወተቱን ካስተረፈ መድኃኒቱንም አስተረፈ ማለት ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰው ያንኑ መጠን ይድገሙለት፤ ደግሞ ካስመለሰ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

በጤና ኬላ ለሳንባ ምች የሚሰጠው አሞክሳሲሊን በውኃ የሚሟሟ እንክብል ሊሆን ይችላል። እርሱን በጥቂት ንጹሕ ውኃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት በማንኪያ አሟሙቶ ወዲያውኑ መስጠት በቂ ነው።

ከምን ጋር ይወሰድ

«ጨጓራ እንዳይነካ በወተት ይዋጥ» የሚለው ምክር በአብዛኛው ቤት አለ፤ ለሲፕሮፍሎክሳሲንና ለዶክሲሳይክሊን ግን ጎጂ ነው። በወተትና በእርጎ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከመድኃኒቶቹ ጋር ተጣብቆ ወደ ደም እንዳይገቡ ያግዳቸዋል። የብረት ማዕድን እንክብልና የጨጓራ ማስታገሻም እንዲሁ ናቸው፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከእነርሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይወሰድ። ይኸው መድኃኒት ካፌይን በሰውነት ውስጥ እንዲቆይ ስለሚያደርግ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለመደ ሰው ልቡ ቢመታበትና እንቅልፍ ቢያጣ ምክንያቱ ቡናው ሊሆን ይችላል፤ ለእነዚያ ቀናት ይቀንስ። ተረከዝ አካባቢ ያለ ጅማት ድንገት ከታመመ ግን መድኃኒቱን አቁሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ውጦ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ወይም ቆሞ ይቆይ፤ ወዲያው ከተኛ እንክብሉ ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ያቆስለዋል። ፀሐይም ቆዳውን ቶሎ ስለምታቃጥለው ነጠላ ወይም ባርኔጣ ያስፈልገዋል።

ሜትሮኒዳዞልና ቲኒዳዞል ከጠላ፣ ከጠጅ፣ ከአረቄና ከቢራ ጋር አይስማሙም፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ቢያንስ ለ3 ቀን መታቀብ ያስፈልጋል። የድግስ ሰሞን ከሆነ ይህን ለእንግዳ አስተናጋጁም መንገር ሕመምተኛውን ከግብዣ ጭቅጭቅ ያድነዋል። ክሎክሳሲሊን በባዶ ሆድ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ይወሰዳል፤ ኦግመንቲን ምግብ ሲጀመር፤ አሞክሳሲሊን ግን በሁለቱም መንገድ ይሆናል። ምግቡ ራሱ ቀላል ይሁን፤ አጥሚት፣ ሾርባ ወይም ለስላሳ ፍትፍት በትንሽ በትንሹ፣ ውኃ ደግሞ በብዛት።

ምን እየተመለከቱ ያስታምማሉ

ከመጀመሪያው ውጥ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ከሕመምተኛው አይራቁ። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ፣ ሰውነቱ በሙሉ በሚያሳክክ ሽፍታ ከተወረረ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ይህ ከባድ አለርጂ ስለሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። የልብ ሕመም ኖሮባቸው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉ ልጆችም ከተወጉ በኋላ ለ30 ደቂቃ በጤና ተቋሙ ግቢ መቆየት አለባቸው። ሽፍታው ቀስ ብሎ በቀናት ውስጥ የመጣ እንደሆነ ቀጣዩን ከመስጠትዎ በፊት ባለሙያ ያሳዩ፤ ቆዳው ውኃ ከቋጠረ ወይም አፍና ዓይን ከቆሰለ ግን ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም።

ቀለል ያለ ተቅማጥ የተለመደ ነው፤ መድኃኒቱ የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ስለሚገድል ነው። ኦአርኤስ አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠው በየጊዜው ያጠጡት፤ ተቅማጥ የሚያስቆም እንክብል በራስዎ አይስጡ። ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ፣ በጣም ከበዛ ወይም መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላም እንኳ ከጀመረ ሐኪም ሊያውቀው ይገባል። የቲቢ ሕመምተኛ ሪፋምፒሲን ሲወስድ ሽንቱ፣ ዕንባውና ላቡ ወደ ብርቱካናማ ቢለወጥ ግን አያስደንግጥዎ፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው።

ትኩሳትና የሰውነት ድካም በ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ መቀነስ ካልጀመሩ ሌላ መድኃኒት በራስዎ ከመጨመር ይልቅ ሕመምተኛውን ከነወረቀቱ መልሰው ያቅርቡት። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ከሆነ ጸጥ ባለበት ሰዓት ደረቱን ገልጠው ትንፋሹን ለሙሉ 1 ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ አሁንም ፈጣን ነው። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ያለ ሕፃን ግን ቀጠሮ አይጠበቅለትም።

ሰዓት ሲያልፍና መድኃኒቱ ሲያልቅ

ሰዓቱ ያለፈ መድኃኒት በታወሰ ጊዜ ይሰጣል፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈው ይተዋል እንጂ ሁለቱ በአንድ ላይ አይወሰዱም። ሕመምተኛው በሦስተኛው ቀን ተሽሎት «በቃኝ» ቢል፣ መሻሉ መድኃኒቱ መሥራቱን እንጂ ሥራውን መጨረሱን እንደማያሳይ አስረዱት፤ የቀኑን ብዛት የሚያሳጥር ያዘዘው ሐኪም ብቻ ነው።

በሐኪም ትእዛዝ ተለውጦ የተረፈ እንክብል ካለ ለሌላ ቀን ተብሎ በቁም ሣጥን አይቀመጥ፤ ከፍቶ ቁስል ላይ መነስነስም አይጠቅምም፣ መድኃኒቱን ያስለምዳል። ወደ መድኃኒት ቤቱ ወስደው እንዲያስወግዱት ይጠይቁ። ሕመምተኛው በእነዚህ ቀናት የማይስማማው መድኃኒት ታውቆ ከሆነ ደግሞ ስሙን፣ የታየውን ምልክትና ቀኑን በጉልህ ጽፈው ከመታወቂያው ጋር፣ የሕፃን ከሆነም ከክትባት ካርዱ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ሕመም ጊዜ ሌላ ሰው ይዞት ቢሄድም ወረቀቱ ለሐኪሙ ይናገራል።