ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጥሩ መልስ እንዳይቀበር ያደረግነው

ደብረ ብርሃን አካባቢ ድንችና ገብስ የሚያመርቱ ሰዎች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ አስተዳድራለሁ። ችግሩ ይሄ ነበር፦ አንዱ «የድንቼ ቅጠል እየጠቆረ ነው» ብሎ ፎቶ ይልካል። የግብርና ባለሙያው «ሳይዛመት ማንኮዜብ (የፈንገስ መድኃኒት) እርጩ፤ የቅጠሉን ጀርባም እንዳትረሱ» ይላል። ከዚያ ሰላምታው፣ የገበያ ዋጋው፣ ስቲከሩ ይግተለተላል። ማታ ያው ጥያቄ እንደ አዲስ ይመጣል።

መጀመሪያ ላይክ አስጀመርን። ጠቃሚ መልስ ላይ አውራ ጣት ተጫኑ አልን። አልሠራም። ቴሌግራም መልእክት የሚደረድረው በሰዓቱ ነው፤ የቱንም ያህል ቢወደድ ከቦታው አይነሳም። ደግሞ ድምፅ የሚያገኘው ብዙ ሰው ኦንላይን ሳለ የተጻፈው ነው፣ በአብዛኛው ቀልድ። (ቀልዶቹ ያስቁ ነበር፣ አልዋሽም።) የባለሙያው መልስ ግን ሁሉም እርሻ ላይ ሳለ ይገባና ሳይታይ ያልፋል። ፖልም (የድምፅ መስጫ) ሞከርን፤ እሱም ከወሬው ጋር ተንሸራቶ ሄደ። ስሎው ሞድ (አንድ ሰው ቶሎ ቶሎ እንዳይጽፍ የሚያደርገው) ወሬውን ቢያበርደውም የተቀበረውን አላወጣም።

የሠራው ይሄ ነው። በግሩፑ ሴቲንግ ቶፒክስን አበራን፤ ግሩፑን በየርዕሱ የሚከፋፍል ነው። «መልሶች» የሚል ቶፒክ ከፍተን ክሎዝ አደረግነው፤ እዚያ የሚጽፈው አድሚን ብቻ ነው። ላይኩን አላጠፋነውም፣ ለአድሚኖች ጥቆማ ሆነ። ማታ ማታ አውራ ጣት የበዛባቸውን እናያለን። ባለሙያው ካረጋገጠ ወደዚያ ፎርዋርድ አድርገን ከሥሩ #ድንች ወይም #ገብስ እንጽፋለን። ማንም ላይክ ያላደረገው ጥሩ መልስም በዚሁ ይገባል።

አሁን ጥያቄው ሲደገም የመልሱን ሊንክ ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ብቻ ነው።