ህመሙ ቆመ ማለት ጥርሱ ዳነ ማለት አይደለም

ጥርሱን የታመመ ሰው የሚታዘዘው ለህመሙ ነው። ሲብስበት ይሮጣል፣ ሲቀልለት ይተወዋል። ሊተርፉ የሚችሉ ብዙ ጥርሶች የሚጠፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሩት ካናል የተበላሸን ጥርስ ሳይነቅሉ የማትረፊያ ህክምና ነው። ሐኪሙ ከጥርሱ መሃል የታመመውን ወይም የሞተውን ነርቭ ያወጣል። የሥሩን ቀጫጭን ቦዮች ይጠርጋል፣ በመድኃኒት ያጥባል። ከዚያ ጉታ ፐርቻ በሚባል ጎማ መሰል ነገር ይደፍናቸዋል። ሥሩ አጥንቱ ውስጥ እንደተተከለ ይቀራል። ይህን ዕድል የሚያሳጡን ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

«ተሽሎኛል፣ አሁን አያመኝም»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ጥርስ ሲቦረቦር ባክቴሪያው ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይሄዳል። ነርቩ ጋ ሲደርስ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠዘጥዛል፣ ትኩስ ቡና አላስጠጣ ይላል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ከዚያ አንድ ቀን ሁሉም ጸጥ ይላል። ታማሚው «ተመስገን» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የሆነው ግን ነርቩ መሞቱ ነው። የሞተ ነርቭ አያምም። ባክቴሪያው ግን እዚያው አለ፤ በሥሩ ጫፍ ወጥቶ የመንጋጋውን አጥንት ማበላሸት ይጀምራል። ይህ ምንም ሳይሰማዎት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። በኋላ ድድ ላይ መግል የምታወጣ ትንሽ ብጉር ትወጣለች፣ ወይም አንድ ጠዋት ጉንጭዎ አብጦ ይነሳሉ። የጥርሱ መልክ ወደ ግራጫ መቀየርም አንዱ ምልክት ነው።

እንቅልፍ የነሳዎት ህመም ሳይታከሙት በራሱ ከጠፋ፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ የሚይዙት ያን ቀን ነው። ራጅ ሲነሱ አጥንቱ ምን ላይ እንዳለ ይታያል።

«አሞክሳሲሊን እወስድበታለሁ»

ፋርማሲ ጎራ ብሎ አሞክሳሲሊንና ዲክሎፌናክ ይዞ መውጣት ቀላል ነው። ዲክሎፌናክ ህመሙን ለጊዜው ያስታግሳል። አንቲባዮቲክ ግን የሚጓዘው በደም ነው፤ ነርቩ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይዘዋወርም። መድኃኒቱ የበሽታው ምንጭ ጋ አይደርስም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያም፣ የጥርስ ህክምና እስከተገኘ ድረስ ለአብዛኛው የዚህ ዓይነት ህመም አንቲባዮቲክ እንዳይሰጥ ይመክራል።

የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፤ ትኩሳት ሲኖር ወይም እብጠቱ እየሰፋ ሲሄድ። ያኔም የሚያዝዘው ሐኪም ነው። እብጠቱ ወደ አንገት ወይም ወደ ዓይን ከሄደ፣ መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ነው።

አስፒሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ሥጋውን ያቃጥላል። ነጭ ሽንኩርትም ያቆስላል። ቅርንፉድ በእርግጥ ያደነዝዛል፤ ከማደንዘዝ አልፎ ግን አያድንም።

«ይነቀልና ልገላገል»

መንቀል ርካሽ መሆኑን አልክድም። ግን ሂሳቡን እስከ መጨረሻው ያስሉት። ጥርስ ሲነቀል የያዘው አጥንት እየሳሳ ይሄዳል። ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ። ከፊት ለፊቱ ያለው ጥርስም ባዶውን ተከትሎ ከቦታው ይወጣል። በኋላ ለመተካት ድልድይ (ከጎረቤት ጥርሶች ጋር ተያይዞ ክፍተቱን የሚሞላ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ቢያሠሩ ግራና ቀኝ ያሉ ጥርሶች መሞረድ አለባቸው፤ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) ቢያስተክሉ ዋጋው ከሩት ካናል ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ሥሩ በቁመቱ የተሰነጠቀ ጥርስ ሲሆን መንቀል ግድ ነው። እስከዚያ ግን «ሊተርፍ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ልጆች ላይ የሚሠራው ስህተት የበለጠ ያሳዝነኛል። በ6 ዓመት ገደማ፣ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ ምንም ሳይወልቅ አዲስ መንጋጋ ጥርስ ይበቅላል። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ሲበሰብስ «ይነቀል፣ ሌላ ይበቅላል» ይባላል። አይበቅልም፤ ቋሚ ጥርስ ነው። በዚያ ዕድሜ የጥርሱ ሥር አድጎ ስላልጨረሰ፣ የነርቩን ጤነኛ ክፍል ብቻ ለይቶ የማትረፍ ህክምናም አለ።

«ያማል ይላሉ»

የሚያመው የተቆጣው ነርቭ ነው። ህክምናው የሚሠራው በማደንዘዣ ነው። በጣም የተቆጣ ጥርስ ቶሎ ላይደነዝዝ ይችላል፤ ከተሰማዎት እጅዎን ያንሱና ይናገሩ፣ ይጨመርልዎታል። ነፍሰ ጡር ነኝ ብሎ ኢንፌክሽን ተሸክሞ መቆየትም ልክ አይደለም። እርግዝናዎን ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ አይቅሩ።

«ቀሪውን ቀጠሮ ሌላ ጊዜ እሄዳለሁ»

ሩት ካናል አንዳንዴ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁለት ወይም ሦስት ቀጠሮ ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን ነርቩ ይወጣል፣ ህመሙም ይቆማል። ሰው የሚጠፋውም ያኔ ነው። ጥርሱ ላይ ያለው ሙሌት ጊዜያዊ ነው፤ ለሳምንታት እንጂ ለዓመት አልተሠራም። ሲሸረፍ ምራቅና ባክቴሪያ ተመልሶ ይገባል፣ ያ ሁሉ ድካምና ገንዘብ ይባክናል። ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር ለእረፍት መጥታችሁ አዲስ አበባ ጥርስ የምታሠሩ፣ እባካችሁ በመጣችሁበት ሳምንት ጀምሩ። ለመመለሻው ዋዜማ አታቆዩት።

ሥራው ሲጀመርም ሲያልቅም ራጅ ይጠይቁ። ቦዮቹ እስከ ሥሩ ጫፍ መሞላታቸውን የሚያሳየው እሱ ነው። ጥርሱን ከምራቅ የሚለይ የላስቲክ መሸፈኛ የሚጠቀም ሐኪም ካገኙ ደስ ይበልዎት። መሣሪያ ወደ ጉሮሮ እንዳይገባም ይከላከላል።

«ክራውኑ ይቅርብኝ»

ክራውን ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ልባስ ነው። ነርቩ የወጣ መንጋጋ ጥርስ መሃሉ ስለተቦረቦረ ይደክማል። ሳይሸፈን ቆሎ ቢቆረጠምበት ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያኔ የሚተርፍበት መንገድ የለም። የፊት ጥርስ ብዙም ካልተጎዳ በሙሌት ብቻ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። መንጋጋ ግን ክራውን ወይም ሌላ የሚሸፍነው ነገር ይፈልጋል። ገንዘብ ካጠረዎት ከመጀመሪያው ለሐኪሙ ይንገሩና የሩት ካናሉንና የክራውኑን ዋጋ አንድ ላይ ያስቡ። በጥርስ ጠርሙስ መክፈትማ ጤነኛውንም ይሰብራል።

«ወልቋል፣ ምን ይደረጋል?»

ልጅ ወድቆ ወይም ኳስ ሲጫወት ቋሚ የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ቢወልቅ፣ ብዙው ሰው ይጥለዋል። ተመልሶ ሊተከል ይችላል። ነጩን ጫፍ ይያዙ፤ ሥሩን አይንኩ፣ አይፈግፍጉትም። ከቆሸሸ ለአፍታ ያለቅልቁትና ወደ ቦታው ይመልሱት። ካልተቻለ ወተት ውስጥ ነክረው ወደ ጥርስ ሐኪም ይሩጡ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መድረስ ትልቅ ለውጥ አለው። ሥሩ አድጎ ከጨረሰ፣ ሩት ካናሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሠራለታል። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመልሱት፤ ከሥሩ የሚመጣውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል።