የትንሹን ቱና የልደት ቀን ከጆሮው ድንጋይ ማንበብ

የፓስፊክ ብሉፊን ቱና በዋናነት በሁለት ስፍራ ይራባል፤ በታይዋንና በሪዩኪዩ ደሴቶች አካባቢ ከሜይ እስከ ጁላይ፣ በጃፓን ባሕር ደግሞ በጁላይና በኦገስት። ስለዚህ በአንድ መረብ የወጡ ትንንሽ ዓሦች የተለያየ ወቅት ልጆች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በርዝመት ብቻ ዕድሜን መገመት ያሳስታል።

በመጀመሪያ ርዝመቱን ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ መንታ መሃል ይለኩና የተያዘበትን ቀን ይመዝግቡ። ቀጥሎ የጆሮውን ድንጋይ፣ ማለትም በውስጥ ጆሮው ያለውንና እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት የሚሠራውን ትንሽ ጠጣር አካል፣ ከራስ ቅሉ በጥንቃቄ አውጥተው ያጽዱት፤ በሙጫ ካጠነከሩት በኋላም እምብርቱ (ቀለበቶቹ የሚጀምሩበት መሃል) እስኪታይ ድረስ በላመ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱት። ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ጥቂት ካለፈ የመጀመሪያዎቹ ቀለበቶች ይጠፋሉ። በለጋ ዓሣ ላይ በየቀኑ አንድ ቀለበት ስለሚጨመር፣ የዓሣውን ርዝመት ሳያዩ በማይክሮስኮፕ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይቁጠሩ።

ኖቬምበር 10 የተያዘ ዓሣ 120 ቀለበት ካለው የተፈለፈለው ጁላይ 13 ገደማ ነው፤ 170 ያለው ግን ሜይ 24 ገደማ ነው። ቀለበቱ የሚጀምረው ከተፈለፈለ ጥቂት ቀን በኋላ በመሆኑ እውነተኛው ቀን በመጠኑ ይቀድማል። የዓሦቹ የልደት ቀኖች በሳምንት ተደርድረው በግራፍ ላይ ሁለት ጉብታ ካሳዩ፣ የዕድገቱን መስመር ለየቡድኑ ለየብቻ ይሥሩ፤ ከተደባለቁ ዘግይቶ የተፈለፈለው፣ በዕድሜ ማነሱ ብቻ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ያስመስለዋል።